ባሕር ውስጥ ገብቼ እንድነግርዎ ስላዘዙኝ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ዳልጮ፣
ላንቴ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ በበጋው ቀለል ብሎልዎታል ወይስ አሁንም ጠዋት ሲነሱ ግድግዳ ይዘው ነው? ዓይንዎስ? እናቴ ዘሪቱ እንዴት ናት፣ ያ የክረምቱ ሳል ለቀቃት? ሙዙ ውሃ አገኘ? ቦዩስ ተጠረገ? ጎረቤታችን ኦይታ አሁንም የቦዩን ውሃ ሰው ሳያየው ወደ ራሱ ማሳ ይመልሳል ወይስ የገበሬ ማኅበሩ አስታረቃችሁ? የጸሎት ቤታችን በርስ እንደተዘጋ ነው? እኔ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ነገር ቢኖር የሥራ ቦታዬ ሙቀት ነው፤ እሱንም ላንቴ ያደገ ሰው ይችለዋል።

አስቴር እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድ ነገር ልለምንሽ። ወደ ጋሞኛ ስትመልሺው እንዳታሳጥሪው። ባለፈው በሁለቱም በኩል የተጻፈ ወረቀት ልኬ አባታችን ጆሮ የደረሰው «ደህና ነኝ ብሏል» የሚለው ብቻ እንደነበረ ሰምቻለሁ። ተማሪዎችሽንም እንዲህ የምታስተምሪያቸው ከሆነ አዝንላቸዋለሁ። ደግሞ ደብዳቤው መንገድ ላይ ተከፍቶ ቢደርሳችሁ አትደንግጡ፤ ነገሩ ሁሉ ስለ መዋኘት ነው።

አባቴ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል። ወንድሜ ዘካሪያስ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ልግባ ብሎ እንደጠየቀዎት፣ ያለ እርስዎ ምርቃት ግን ጀልባ ላይ እንደማይወጣ አስቴር ጽፋልኛለች። እርስዎም «ደግፌ ባሕር ላይ ነው የሚኖረው። እሱ ራሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይውጣና ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ ለዘካሪያስ እመልሳለሁ» እንዳሉ ነገረችኝ። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ፤ ምክንያቱም ከአሰብ ከተነሣሁ ጀምሮ ይህን ሁሉ ዘመን ባሕር ላይ ስኖር አንድም ቀን እግሬን ነክሬ አላውቅም። ሥራዬ በመርከቡ ሆድ ውስጥ አንሶላና ፎጣ ማጠብ ነው። ባሕሩን የማየው አየር ለመውሰድ ወደ ላይ ስወጣ ነው፤ ስመለከተውም ከመርከቡ ዳር አጥር ራቅ ብዬ ነው።

ለምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አጎቴን ሀይሌን አዞ ከወሰደብን ወዲህ ወደ ዓባያ ወርደው አያውቁም። ታንኳችንን በመጥረቢያ ሲፈልጡት አጠገብዎ ቆሜ ነበር። እናቴ በዚያ እንጨት እሳት አላነድም ብላ ከጓሮ ተከምሮ ምስጥ እንደበላው አይረሳኝም። አስቴር ባለፈው ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ መንግሥት አዞ ከእንቁላል ጀምሮ ማርባት መጀመሩን ጻፈችልኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ያሉት አልበቁም?» አለች አሉ። መርከቡ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰዎቹ ያበድኩ መሰላቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህ የምሠራበት መርከብ ዕቃ አይጭንም፣ ዓሣም አያጠምድም። ባለጠጋ አሜሪካኖችን ጭኖ ከወደብ ወደብ ያዞራቸውና መልሶ ከተነሡበት ያወርዳቸዋል። እርስዎ «ታዲያ ለምን ሄዱ?» እንደሚሉ ይታወቀኛል፤ እኔም ጠይቄ ነበር፣ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም። ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዷ በሜክሲኮ አገር ያለች ኮዙሜል የምትባል ደሴት ናት። አስቴር፣ አዲስ አበባ ያየሽው የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው። እኛ ሠራተኞቹ ከመርከቡ እንድንወርድ የሚፈቀድልን አልፎ አልፎ ነው። ዕረፍቴ ኮዙሜል ላይ እንደዋለ ሳውቅ የእርስዎን ትእዛዝ የምፈጽመው እዚህ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

በዚያ አገር የባሕር ዳርቻ ክበብ የሚሉት ነገር አለ። ክበብ ስልዎ አርባ ምንጭ ሴቻ ያለውን ዓይነት፣ ሠራተኛው ተሰብስቦ ዳማ የሚጫወትበትን እንዳይመስልዎ። ባሕሩም የእግዜር ነው፣ አሸዋውም የእግዜር ነው፤ ባለቤቱ ግን አጥር ያጥርና ጥላ ይተክላል፣ መጋደሚያ ወንበር ይደረድራል፣ በር ላይ ቆሞም ያስከፍላል። ሰው ከፍሎ የሚገባው ደግሞ ለመተኛት ነው። ከመርከብ ስንወርድ የየክበቡ ደላሎች ሥዕል በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ና፣ ወደ እኔ ና እያሉ ከበቡን። መናኸሪያ ላይ ሆኜ የሶዶ መኪና ረዳቶች የከበቡኝ መሰለኝ።

አብሮኝ የወረደው ሸዋንዳኝ ይባላል፤ ወጥ ቤት የሚሠራ የናዝሬት ልጅ ነው። መዋኘት የተማረው ሶደሬ ነው። ስለዚህ ለእሱ ውሃ ማለት ሙቅና ከሥሩ ሲሚንቶ ያለው ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሌላ ፍጥረት አለ ብሎ አስቦም አያውቅ። እሱ ወደብ አጠገብ ወዳለው ትልቁ ክበብ ጎተተኝ። ሙዚቃው ደረት ይመታል። ባሕሩ አፍንጫው ሥር ሆኖ ሳለ ሰውየው ሌላ የመዋኛ ገንዳ አስቆፍሯል፤ ሰዎቹም ባሕሩን ትተው ገንዳው ውስጥ ተፋፍገዋል። ይህን ለምን እንዳደረጉ እስካሁን እያወጣሁ እያወረድኩ ነው። ባሕሩ ላይ ደግሞ በአየር የተነፋ ትልቅ ላስቲክ ይንሳፈፋል። አስቴር፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ላስቲኩ አረንጓዴ አዞ ነው፤ ጥርሱም ተሥሏል። ልጆች ጀርባው ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ እናታቸው ዳር ቆማ ፎቶግራፍ ታነሣቸዋለች። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሸዋንዳኝ ምን ሆንክ ቢለኝ እዚህ አልገባም አልኩት።

ሁለተኛው ክበብ ጸጥ ያለ ነበር። አልጋዎቹ እንደ ሙሽራ ቤት ነጭ መጋረጃ አላቸው። ዳርቻው ግን ድንጋይ ነው፤ ወደ ውሃው የሚወረደው በብረት መሰላል ነው። እግር መሬት ይነካል ወይ ብዬ በረኛውን ጠየቅሁት። አይነካም፣ ጥልቅ ነው አለ፤ ጥልቀቱ የሚያስመሰግነው ይመስል በኩራት ነው የነገረኝ። ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ሸዋንዳኝ ተናደደና ዕጣ እንጣል አለ። እኔ ሽማግሌዎች መሰብሰቢያው ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው፣ ሁሉም የልቡን ሳይናገርና ሳይስማማ ማንም እንደማይነሣ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዕጣ የሚባል ነገር አልጥልም አልኩት። ዛፍ ሥር ሣር ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ከዚህ ቀን የምትፈልገውን ንገረኝ አልኩት። ቢያስብ ቢያስብ የፈለገው ሙዚቃም ገንዳም አልነበረም፤ እሱ ራሱ ያላበሰለውን ምግብ ተቀምጦ መብላት ነው። እኔም እግሬን እያየሁ የምገባበት ውሃ እፈልጋለሁ አልኩት፤ የአጎቴንም ነገር ያን ጊዜ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም አለ። ከዚያ በኋላ ተነሥተን ባለታክሲውን ሁለታችንም የምንፈልገው ያለበት ወዴት ነው ብለን ጠየቅነው።

የወሰደን መንገዱ ወደሚያልቅበት፣ አንድ ቤተሰብ ወደሚያስተዳድረው ትንሽ ክበብ ነው። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነው። ሴትየዋ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ሽማግሌው ባለቤትዋ ዶን ኤውሴቢዮ አሸዋውን በመንሽ ያስተካክላል። ከዓሣው ጋር የሚያቀርቡት የቃሪያ ድልህ የኛን ዳጣ ያስንቃል፤ ሸዋንዳኝ እንባው እየወረደ ጨምሩልኝ ይል ነበር። ሙዛቸው ግን የላንቴን አያህልም፤ ይህን ለእርስዎ ለማስደሰት ብዬ አይደለም።

ውሃውን እንዴት አድርጌ ልንገርዎ? ዓባያ ቀይ ነው፤ እጅዎን ቢነክሩ እስከ አንጓ እንኳ አይታይም። ይህ ግን በብርጭቆ የተቀዳ ይመስላል። እንዲያም ሆኖ አላመንኩትም። የወደቀ የዛፍ ቅርንጫፍ አነሣሁና እርስዎ ያስተማሩኝን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ወረወርኩ። ጠበቅሁ። ውሃውን መታሁት። አሸዋው ላይ አዞ በሆዱ የተሳበበት ፍለጋ መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዚያ ቦታ ቀይሬ እንደገና መታሁ። የተኙት ፈረንጆች በክርናቸው ተደግፈው ቀና ቀና አሉ፤ ሸዋንዳኝ አላውቀውም ለማለት ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ዶን ኤውሴቢዮ መንሹን አቁሞ ወደ እኔ መጣ። እንግዶቼን አስደነገጥክ ብሎ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሳይስቅ ዱላውን አየና በተሰባበረች እንግሊዝኛ ለአዞ ነው ወይ አለኝ። አዎ ብዬ ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። እዚህ ዳር የለም አለኝ። ቀጥሎ ግን በእጁ ወደ ደቡብ እያመለከተ፣ በደሴቲቱ ጫፍ ሥሩ ውሃ ውስጥ የሆነ ዛፍ የከበበው ረግረግ ሐይቅ እንዳለ፣ እዚያ አዞ ሞልቶ እንደሚኖር፣ የእሱንም ውሻ እንደወሰደበት ነገረኝ። ልጆቹ በዚያ በኩል ዓሣ ያጠምዳሉ። አትፈራም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለምን አልፈራም አለ። ስለምፈራ ነው መረብ ከማስያዜ በፊት አዞው የሚተኛበትን ያሳየኋቸው አለኝ። ከዚያ እናንተ ዘንድ ውሃው የሚመታው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝና አሳየሁት። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመን ባዶ ባሕር ስንደበድብ ቢያዩን ኖሮ ጉልበትዎን ረስተው ይስቁ ነበር።

ከዚያ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ፣ እስከ ደረቴ። የእግሬ ጣቶች አሸዋው ላይ ጥርት ብለው ይታዩኝ ነበር። ውሃው ጨው ስለሆነ ሰውን ወደ ላይ ይሸከማል። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ ብዬ አላስብም ነበር። አጎቴ ሀይሌ ታንኳ ላይ ቆሞ ሲቀልድ ታየኝና አለቀስኩ። ሸዋንዳኝ ከዳር ሆኖ ወደ እኔ ዙር አለኝ። ዞርኩ። ጀርባህን ለውሃ አትስጥ ብለው ያሳደጉኝ እኔ ልጅዎ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ምንም አልነካኝም። ግን አንገቴ ሳላዘው እየዞረ ወደ ኋላ ያይ ነበር። በመጨረሻ ፊቴን ወደ ባሕሩ መልሼ እየተራመድኩ ወደ ኋላዬ ወጣሁ።

እንግዲህ አባቴ፣ ጥያቄዎን ልመልስ። ውሃ አያስፈራም ብዬ አልጽፍልዎትም፣ ውሸት ይሆናል። ውሃው በሄድኩበት ሁሉ ያው ነው፤ አዞም በሜክሲኮም አለ። ነገር ግን ያን ዱላ እጄ ላይ ማን አስያዘኝ? እርስዎ ነዎት። ትናንት በወረድክበት ዛሬ አትውረድ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አጎቴ ሀይሌም ይህን ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ቸኩሎ፣ መረቡን ትናንት ባጠበበት ቦታ ወረደ። እርስዎ ጫኖ ገበያ ነበሩ። እዚያ ቢሆኑ ኖሮ እያሉ ሲያስቡ እንደሚያድሩ እናቴ ነግራኛለች። ያልነበሩበትን ነገር በራስዎ ላይ ማድረግዎን እንዲተዉ እለምንዎታለሁ።

ዘካሪያስ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። ታንኳው ሲፈለጥ ለእሱ የሚደርሰው ትምህርት አብሮ ተፈለጠ። ውሃ መምታት እኔ አውቃለሁ። አስቴርም ታውቃለች፣ በእንስራዋ ቀድታበታለች። ከቤታችን ውሃን የማያውቅ ዘካሪያስ ብቻ ነው፤ ወደ ሐይቁ ልሂድ የሚለውም እሱ ነው። ምርቃቱ የእርስዎ ነው፤ ቢሰጡትም ቢከለክሉትም ከቃልዎ አልወጣም። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዘውት ወደ ሐይቁ ዳር ይውረዱ። የማኅበሩ የሞተር ጀልባ ይህን አያስተምረውም።

እናቴን ዘሪቱን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ፣ አስቴር፤ የላስቲኩን አዞ ነገር ለእሷ ብታልፊው ይሻላል። ለባልሽና ለትንሿ ጽጌሬዳ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አጎትሽ ባሕር ውስጥ ቆሞ የእግሩን ጥፍር አየ በያት። ለኦይታም ሰላም በሉልኝ፣ የቦዩ ነገር እንዳለ ሆኖ። ሸዋንዳኝ የማያውቃችሁን ሁላችሁንም ሰላም ብሏል።

ለዘካሪያስ ወንድሜ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አባታችን ዱላ ሲቆርጡ ካየሃቸው፣ ምንም ሳትጠይቅ ተከተላቸው።

ልጅዎ ደግፌ ዳልጮ
ኮዙሜል ወደብ፣ ሜክሲኮ
ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.