የወይጦን ውሃ የለቀቀው ዓባይነህ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ደምሰው፤

እንደምን ከረምክ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያሠቃይህ የጎን ውጋት በሞስኮ ብርድ አልባሰብህም? ዘሪቱስ ይህን ሁሉ ዓመት ልጆቹን ብቻዋን ስታሳድግ እንዴት በረታች? ልጆቹስ ስትመጣ አወቁህ ወይስ እንደ እንግዳ ሸሹህ? እኛ አለን። እማዬ ዓይኗ ደከመ እንጂ ደህና ናት፤ አገርህ በሰላም መግባትህን ስትሰማ እልል ብላ ስለቷን ለማርያም አስገባች።

ደብዳቤህ ላይ «ዓባይነህ ለምን አይጽፍልኝም? ባልሽ ምን አስቀየምኩት?» ብለሃል። ውጭ አገር ሳለህ የደበቅሁህ ነገር አለ። ያኔ ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚባል ፈርቼ ነው። ይህን ግን ለሕክምና አዲስ አበባ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ለእትዬ ተዋበች በእጇ ስለምሰጣት፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ እጽፍልሃለሁ።

አንተ ስትሄድ ዓባይነህ ወይጦ ወንዝ ዳር አዲስ በተከፈተው የጥጥ እርሻ መቀጠሩን ታስታውሳለህ። ወንዙ ላይ ክትር ተሠርቶ ውሃው በቦይ ወደ ጥጡ ይዞራል፤ የክትሩን የብረት መዝጊያዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነበር። እኔም ተከትዬው ቆላ ወረድኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ወባ ጥሎኝ ራሴን በሳትኩ ጊዜ ያስታመመችኝ ከክትሩ በታች የሚኖር ኦይታ የሚባል የፀማይ ጎሳ ሰው ሚስት ናት። ወተት ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ቋንቋዋን ሳላውቅ፣ እሷም ቋንቋዬን ሳታውቅ፣ ግንባሬን ስታብስ ትውላለች። ከዚያ ወዲህ ኦይታና ዓባይነህ እንደ አንድ እናት ልጆች ሆኑ፤ ዓባይነህም ቋንቋቸውን ለመደ።

የእነ ኦይታ ኑሮ ወንዙ ነው። ወይጦ ሞልቶ ዳሩን ያጥለቀልቅና ሲጎድል፣ በእርጥቡ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራሉ። የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ውሃው ለጥጡም ለእነሱም በቃ። በሁለተኛው ዓመት ደጋው ላይ ዝናብ ጠፋ፤ ወንዙ ከሳ። ከበላይ የመጣው የጥጥ ኮታ ግን እንዳለ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ታች የሚያሳልፉት መዝጊያዎች በሙሉ እንዲዘጉና ያለው ውሃ ሁሉ ቦይ እንዲገባ አዘዘ። ዓባይነህም ዘጋ። የታችኛው ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ኦይታ ሽማግሌዎች አስከትሎ ቢሮ ድረስ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰማቸውና «ወንዙ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ጥጡ ሲደርስ ልማቱ ለእናንተም ይተርፋል» አላቸው። አስተርጓሚው ሲነግረው ኦይታ ትንሽ አሰበና «ወንዙ ምን አጥፍቶ ታሰረ? ዋስ ካስፈለገ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ፤ ከብቶቼን ያዙና ልቀቁት» አለ። የቢሮ ሰዎች ሳቁ። ዓባይነህ አልሳቀም። እነሱ ሲሄዱ ራሱ ገብቶ፣ አልፎ አልፎ እንኳ ይለቀቅላቸው ብሎ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። «ኮታው ከጎደለ እኔን ነው የሚበሉኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ፤ ተወኝ ዓባይነህ» አለው።

ከዚያ ሴቶቹ የወንዙን አሸዋ እየቆፈሩ ውሃ መፈለግ ጀመሩ። ውሃው በሸሸ ቁጥር ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኦይታ ሚስት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትቀዳ አሸዋው ተናደባት። ዓባይነህ ጩኸት ሰምቶ ሮጠ፤ ከወንዶቹ ጋር በእጁ ቆፈረ። ሲያወጧት አፏም አፍንጫዋም አሸዋ ሞልቶት ነበር። ያቺ ያስታመመችኝ ሴት ናት ወንድም ጋሼ። እኔ ግንባሯን ላብስላት ስደርስ ቀዝቅዛ ነበር።

ዓባይነህ ከቀብር በተመለሰ በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየው፣ ክትሩ ላይ ወጥቶ መዝጊያዎቹን በመዘውር እያዞረ ከፈታቸው። ዘበኛው «ማን አዘዘህ?» ቢለው «ማንም። የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ መዘውሩን ነቅሎ ውሃው ውስጥ ወረወረው። ሌላ መዘውር እስኪመጣ ድረስ ውሃው ሲወርድ ዋለ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሊወስዱት እንደሚመጡ አውቄ ስንቅ ልቋጥርለት ገባሁ።

በዚያው ቀን «አሻጥረኛ» ብለው ወሰዱት። መጀመሪያ ጂንካ፣ ቀጥሎ አርባ ምንጭ። ዓመት አልፎት ተፈታና እዚህ ጂንካ ከእማዬ ዘንድ ገባን፤ ግራ እግሩ ግን አይታጠፍም። ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ውሃውም ቢሆን ብዙ አልረዳም። ሰውም ከብትም ጠጣ፤ ማሽላ ለማብቀል ግን አልበቃም። በቅርቡ ኦይታ በእግሩ ጂንካ ድረስ መጥቶ ጠየቀው። ሰዎቹ ወንዙን ትተው ወደ ኮረብታው እንደወጡ ነገረን። ሲሰናበተው «እነሱ ዘጉ፤ አንተ ከፈትክ» አለው። ዓባይነህ «መጀመሪያ የዘጋሁትም እኔ ነኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደብዳቤህን ሳነብለት እስከ መሃሉ ፈገግ ብሎ ነበር። ኦሞን ከላይ ገድቦ መብራት ለማመንጨት በሚያጠናው ቡድን ውስጥ መመደብህ ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ። እኔ መብራት ጠልቼ አይደለም፤ የጂንካ ጄኔሬተር ናፍጣ ሲያጣ በጨለማ የምንቀመጠው እኛው ነን። ኋላ ግን ጻፍለት ብዬ ብለምነው «ከግድቡ በታች ማን እንደሚኖር የጠየቀ አለ ወይ በይልኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም» አለኝ። አትቀየመው። ኦሞ ዳር ማሽላ የሚዘራው ሕዝብ ከወይጦው እጅግ ይበልጣል። አንተ ስብሰባ ላይ ትቀመጣለህ። ተናገር ብዬ የዓባይነህ ዕጣ እንዲደርስብህ አልፈልግም፤ ዝም በል ብዬ ልጽፍልህም እጄ እምቢ አለኝ።

እማዬ በያለህበት ጥላ ከለላ ይሁንህ ብላ ትመርቅሃለች፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ና ትልሃለች። ለዘሪቱ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ዓባይነህ ሰላም በይልኝ አላለኝም። የጻፍኩትን ሁሉ ሳነብለት ግን ሰርዢው ያለኝ ቃል የለም። አሁን ፖስታውን ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነው።

እህትህ የሺሀረግ
ጂንካ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.