ዓይን ስለሚያፈሰው ዕፅ ለኮማንደር መዝገቡ

ለተከበሩ ኮማንደር መዝገቡ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይ ጥርስዎ፣ መንጋጋዎና ሁለቱም ዓይኖችዎ እንዳሉ ይኑሩልዎ፤ የነዚህን ዋጋ በቅርቡ ተምረናልና።

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል «ካናቢስ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» በሚል በተካሄደው ክርክር ላይ ያደረጉትን ንግግር ከኋላ ተቀምጬ በአክብሮት ሰምቻለሁ። ዕፁ ሰውን አውሬ እንደሚያደርግ ሲያስረዱ አዳራሹ አጨበጨበልዎ። እኔም ይከልከል ባይ ስለሆንኩ አጨበጭብ ነበር፤ ነገር ግን አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ኢያቄም ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኢያቄም ስታዲየም አካባቢ የመኪና ወንበር እያለበሰ የሚያድር ሰው ነው። ሚያዝያ ውስጥ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲፈተሽ ከሸሚዝ ኪሱ አንድ ጥቅል ካናቢስ ተገኘበት። አልካደም፣ አልሮጠም። ሕጉ ያስራል፤ ቢታሰር ኖሮ ስንቅ ከማመላለስ በቀር ምንም ባላልን። ፖሊሶችዎ ግን ዳኛውን ላለማድከም አስበው ይመስለኛል፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የፊጥኝ አስረው መንጋጋውን በቆመጥ ሰበሩት፤ ሲወድቅ አንደኛው በጫማው ፊቱ ላይ ቆመበት፣ ግራ ዓይኑም እዚያው ፈሰሰ። አውሬ የሚያደርገውን ዕፅ የያዘው እሱ ነበር። ደብዳቢዎቹ የሚሸቱት አረቄ ብቻ ነው፤ አረቄ ደግሞ፣ ምስጋና ለመንግሥት ይሁንና፣ ሕጋዊ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጠይቀው ጣቢያዎ ስመጣ ከደረጃ ወድቆ ነው ተባልኩ። ጣቢያዎ ግን ፎቅም ደረጃም የለውም።

ሦስተኛ፣ በክርክሩ ላይ የመናገር ዕድል ሲሰጠኝ፣ ፖሊሶችዎ ያለ ክስ የለቀቁትን ኢያቄምን አስነስቼ ጥቁር መነጽሩን አወለቅኩለት። ይፈቀድ ብለው የተከራከሩት የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ሩሐማ እንኳ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እርስዎ ግን ሳይደነግጡ «ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አሉ። ከተደበደበ ወዲህ ሰው ፊት አፉን የማይከፍተው ወንድሜ ያን ጊዜ በተጣመመ አፉ መለሰልዎ።

«ይሰሩኝ ጌታዬ። የቀረችኝን ዓይን ግን ይተዉልኝ።»

ወዲያው ጠባቂዎችዎ እሱን በአንገቱ፣ እኔን እጄን ጠምዝዘው እየጎተቱ አስወጡን፤ ደረጃው ላይም በክርን ሁለት ጥርሱን አራገፉለት። በዚህኛው ጊዜ ቢያንስ ደረጃ ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። እሱን በያዘው ካናቢስ፣ ደብዳቢዎቹን ባፈሰሱት ዓይን፣ በአንድ ችሎት ያቁሙልን። ኢያቄም ዛሬ በመርፌ ክር ማስገባት አቅቶት ሱቁን ዘግቷል፤ ፍርድ ቤት ለመቆም ግን እግሮቹ ደህና ናቸው። እነሱን መስበር ስለረሱ እናመሰግናለን።

በተጠመዘዘ እጅ፣ በማይጠመዘዝ አክብሮት፣
ጀማነሽ፣ ከቂርቆስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በክርክሩ ማግስት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራችንን በእርግጫ ሰብረው የገቡት ፖሊሶችዎ ካናቢስ ነው ብለው ከደጃችን ነቅለው የወሰዱት ቅጠል ጤና አዳም ነው። ለሆድ ቁርጠት ፍቱን ነው፤ ለሕሊና ይሠራ እንደሆነ ግን እርስዎ ሞክረው ቢነግሩን።