ትንፋሽሽን አትያዢ

ለልጄ ሚስት፣ ለእኔም ልጅ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝሽ የእጅሽ አንጓ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በላይ መቼም ደህና ነበርኩ፤ አሁን ከወገቤ በታችም ደህና ነኝ። በስልክ ብነግርሽ «እሰይ» ብለሽ ታሳጥሪብኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ወሬ ማሳጠር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ደግፈሽ ያስገባሽኝን የፒላተስ፣ የዚያን የምንጣፍ ላይ ስፖርት ክፍል አልተውኩትም። ያስገባሽኝ ቀን፣ ዳሌዬ ተሰብሮ በብረት ከተጠገነ ወዲያ እንደ ሕፃን ምንጣፍ ላይ ልንከባለል ነው ወይ ብዬ አኩርፌሽ ነበር። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫማዬን አወለቅሽልኝ። አሁን ራሴ አወልቃለሁ፣ አንዳንዴም ከነካልሲዬ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ስሟን ትተን «ቀስ በሉ» እንላታለን፣ ከአፏ ሌላ አይወጣማ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ እግር ማንሳት እንዳይመስልሽ፤ መተንፈስ ነው። በጀርባችን ተኝተን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ አየሩን ወደ ጎናችን እናስገባለን፤ ስናወጣው ሆዳችንን ሰብሰብ አድርገን ዳሌያችንን ከምንጣፉ ቀስ እያልን እናነሳለን። አጠገቤ የሚተኛው ወገቡን የታመመ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መተንፈሱ ላይ ስንደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ማንኮራፋት ሲጀምር «ቀስ በሉ» ራሷ ሳቋን መያዝ ያቅታታል።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ የምንደክመው ለምን እንደሆነ ጠየቀችን። ሹፌሩ አንዲት ጊዜ ብቻ ጋቢና ላይ ልውጣ አለ። እኔ ከወለል ላይ ብቻዬን ልነሳ አልኩ። ለምን ስትለኝ፣ ቤቴ ልገባ ነዋ አልኳት። ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል እያለ ልጄ እንደማይለቀኝ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና መነሳቱን ቆራርሳ ታስተምረኝ ጀመር፤ ወደ ደህናው ጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ ወንበር መያዝ፣ ደህናውን እግር ማስቀደም። እኔ ግን ልነሳ ስል ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሸክም የሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ከያዘ ራሱን ይጎዳል፣ አውጪው አለችኝ።

ይህን ስትል አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። እኔን ስታነሺ፣ ስታጥቢ፣ ስታለብሺ በፊቴ አንድም ቀን እህ አላልሽም። ወጥ ቤት ገብተሽ በሩን ስትዘጊ ግን እሰማሽ ነበር። የስፌት ክፍልሽ የእኔ መኝታ ሆኖ፣ አንቺ ኮሪደር ላይ የሰው ልብስ ስትሰፊ፣ የሚያልፍ ሰው በመጣ ቁጥር ወንበርሽን ስትስቢ አይቻለሁ። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። እወድሻለሁ፤ ይህን በአፌ ነግሬሽ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው እሁድ ልጄን ሳሎን ጠራሁትና ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ደንግጦ ሊያነሳኝ ሲመጣ እጅህን ሰብስብ አልኩት። ብርጭቆ ሊወድቅበት እንዳለ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ዞርኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ሶፋውን ያዝኩ። መሃል ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሼም ቀጥ አለ። እንደምንም ለቀቅኩትና ተነሳሁ። እኔ ስቆም እሱ ሶፋው ላይ ቁጭ አለና፣ ይህንን እሷ ብታየው ኖሮ አለ። እሱ እንደሆነ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምንም አይነግረኝም፤ ሸሚዙን ሳይተኩስ ይወጣል፣ ራት ሲያቀርብ ሦስት ሰሃን ያወጣና አንዱን ይመልሳል።

የሄድሽው እናትሽ ታማ ልታስታምሚያት እንደሆነ ነበር የነገረኝ። እኔም እግዜር ይማርሽ ልላት ደወልኩላት። መሰላል ላይ ወጥቼ ግድግዳ ቀለም እየቀባሁ ነው አለችኝ። ቶሎ ስለተሻላት በጣም ደስ አለኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ይኸውልሽ፣ ከትናንት በስቲያ ቤቴ ገባሁ። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ተገጥሞልኛል። ዕቃዬን ያመጣው የሹፌሩ ልጅ ነው፤ ሹፌሩም ካልሄድኩ ብሎ እንደምንም ጋቢናው ላይ ወጣ። ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎታል፣ እሱ ግን ይህን ለማንም አትንገሪ ብሎኛል።

ከመውጣቴ በፊት ክፍልሽን ጠረግኩ። ልጄ የስፌት መኪናሽን ከኮሪደሩ አንስቶ መስኮቱ ሥር መለሳት። ሲያነሳት ፊቱ ቀላ፤ ትንፋሽህን አውጣ አልኩት። እሱም አወጣው፣ ረጅም ነበር። ወንበርሽንም አሁን ሳቢ የሚልሽ የለም። የክፍልሽ ቁልፍ እዚያው ምስማሩ ላይ ነው።

እንግዲህ እናትሽም ድናለች፣ እኔም ድኛለሁ። ከአሁን ወዲያ የምታስታምሚው ሰው የለም።

እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ ለመርፌ ቀዳዳ አይስነፍ፣ የልብሽን ይሙላልሽ።

ብቻዋን የምትነሳው
አማትሽ