እናቴን ከመቃብር የሚያወጣት ኩባንያ አይደለም

ለነፋስ ኃይል ፕሮጀክቶች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ሪዮአቻ

ቀን፦ ማርች 12 ቀን 2022

ጉዳዩ፦ አልባኖርቴ የተባለው ኩባንያ በወገኖቼ መካነ መቃብር ላይ ሊያወጣ ያሰበው መንገድ እንዲታገድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

እኔ አመልካች ዴልሚራ ኢፑአና በላ ጉዋሂራ ክፍለ ሀገር፣ በኡሪቢያ ወረዳ፣ ካሹላማና በተባለ መንደር ነዋሪ ነኝ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሌ ከሻከረ ክብርዎን ዘንግቼ ሳይሆን ከፍቶኝ ነውና በዚያው ይታይልኝ።

1. አልባኖርቴ ከባሕር ማዶ መጥቶ በብዙ አገር የነፋስ ማማ የሚተክል ኩባንያ ነው። ከመንደራችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ማማዎቹን እንዲያቆም ፈቅዳችሁለታል። ነፋሱን አልከለከልነውም፤ ነፋስ የማንም አይደለም። ነገር ግን የማማውን ክንፍ ለሚጭኑት ረጃጅም መኪኖች መታጠፊያው ስለጠበባቸው፣ መንገዱ በመቃብራችን ላይ እንዲያልፍ ተወስኗል። እዚያ እናቴ አለች። እናቷም አለች።

2. "የመሬቱ ባለመብት ፈቅዷል" ተብሎ የቀረበላችሁ ፊርማ የባሌ የአኒባል ኡሪያና ነው። ኢንጂነር ፎንሴካ የተባሉት የኩባንያው ሰው መጥተው "አባወራው ማነው?" ሲሉ ጎረቤት ባሌን አሳያቸው፤ እሱም ፈረመ። በእኛ በዋዩ ሕዝብ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ መሬትም የሚታወቀው የእናት ወገን ሙታን ባረፉበት ነው። አኒባል በሚስቱ ወገን መሬት ላይ የሚኖር አማች ነው። የእሱ ሙታን ሌላ ቦታ ነው ያሉት። እዚህ ቃል የሚሰጠው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ራንሄል ነው፤ ቤቱ ከኛ ቤት ቢጣሩ ይሰማል፣ ግን ማንም አልጠየቀውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

ባሌን ምን አስበህ ፈረምክ ብዬ ብጠይቀው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ ትፈልጋላችሁ ወይ አሉኝ። መንገድ የሚጠላ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። አጎቴ ይህን ሰምቶ፣ "ተዪው ባክሽ፤ አንዲት ፍየል ለመሸጥ አንቺን የሚያስፈቅድ ሰው፣ ኮረብታ ሙሉ ነፋስ ሲሸጥ ምነው ዝም አለ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

3. ይህንኑ ላስረዳ ወደ ኩባንያው ካምፕ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ወንበር ሰጥተው በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ "እማማ፣ እናንተ በባህላችሁ ሙታኑን ከዓመታት በኋላ አውጥታችሁ እንደገና ትቀብሩ የለም? እንግዲያው እኛ በራሳችን ወጪ እናወጣላችኋለን፤ የሚያምር የሲሚንቶ መቃብርም እንሠራለን። መቼ ይመችዎታል?"

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። እናትን ከመቃብር የምታወጣት የገዛ ወገኗ ሴት ናት፤ አጥንቷን አንድ በአንድ በእጇ አጽድታ፣ አልቅሳ፣ ዳግም ታሳርፋታለች። ያም የሚሆነው ሟቿ በሕልም መጥታ ስትጠይቅ ነው። ለእናቴ ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፤ ከሞተች ጀምሮ የምጠብቀው እሱን ነው። እሷ ግን ገና አልጠየቀችኝም። ይህን ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ "እሺ፣ በግምት እስከ ጁላይ ትጠይቅዎት ይሆን?" አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኚህን ሰው በምን ቋንቋ ላናግራቸው? ከሰጡኝ ወንበር ተነሥቼ ወጣሁ።

4. ባለፈው ሳምንት ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ተተከሉ፤ አንዱ ከእናቴ ራስጌ ነው። ነቀልኩት። ኩባንያው ንብረት አጥፍታለች ብሎ ሊከሰኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። አልክድም፣ ነቅያለሁ፤ ነገ ቢተከልም እነቅለዋለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እነሱ ግን አጥሩን አልፈው ሙታናችን ዘንድ ደርሰዋል።

ስለዚህ የባሌ ፊርማ ዋጋ እንደሌለው ታውቆ መንገዱ እንዲታገድልኝ አመለክታለሁ። ኩባንያው የሚለው ካለ፣ እንደ አገሩ ሥርዓት ቃል አድራሽ ሽማግሌ ወደ አጎቴ ይላክ፤ ሽማግሌውም "እምቢ" የሚል መልስ ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ቀድሞ ይወቅ። ካሳ አልጠየቅሁም። የሲሚንቶ መቃብሩንም ለራሳቸው ያድርጉት።

ውሳኔዎ እስኪደርሰን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እኔና ሦስቱ እኅቶቼ የገመድ አልጋችንን ከመቃብሩ ዳር ሰቅለን እዚያው እያደርን ነው። ትናንት አኒባልም የራሱን ተሸክሞ መጣና ከሩቅ ቆሞ፣ "ዴልሚራ፣ እኔስ እዚህ ባድር ትፈቅዱልኛላችሁ?" አለኝ። እኔን ሳይሆን አጎቴን ጠይቅ አልኩት። ሄዶ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። የኩባንያው መኪና ሳይጠይቅ ከመጣ አምስታችንንም እዚያው ያገኘናል።

ከመሬቴ ሳልነሣ፣ ከሰላምታ ጋር

ዴልሚራ ኢፑአና
(ፊርማ)