ለጉድጓድ ሥራችን የተመረጠው ስም

ለወንድሜ ለታራስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? የማዕድን ማውጫው አቧራ ደረትህን አልጎዳውም? ሙቀቱንስ ቻልከው? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የኦረስት ሚስት ዳሪያም እንደምንም ቆማ ትሄዳለች። ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ።

ለቀብሩ ባለመምጣትህ አልፈርድብህም ልልህ ነበር፤ ግን እፈርድብሃለሁ። የመቆፈሪያው ምሰሶ የመብራት ሽቦ ነክቶ ወንድማችንን ኦረስትን ሲገድለው አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ምግብ ሲቀርብልኝ ያ የቃጠሎ ሽታ ይሸተኛል። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሥራውም እየሞተብን ነው። የስልክ ማውጫው መጽሐፍ መታተሙ ከቀረ ወዲህ ገበሬው ጉድጓድ ቆፋሪ የሚፈልገው በስልኩ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀድሞ ብቅ የሚለው የከተማው ድርጅት ነው። በዚህ በጋ የቆፈርነው ሦስት ብቻ ነው። ድረ ገጽ ካላወጣን ማሽኑን መሸጣችን አይቀርም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋ ግዌን ዘንድ ሄድኩ።

ግዌን ዋናው ነገር የድረ ገጹ አድራሻ ስም ነው አለችኝ። አጭር ይሁን፤ ትራክተር ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አንዴ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው ይሁን፤ ቁጥርና ሰረዝ አታብዢበት አለች። «ደግሞ ስሙን አይቶ የደወለ ሰው የጠበቀውን ማግኘት አለበት፤ ሌላ ካገኘ አይመለስም» አለችኝ። እኔም የቤተሰባችንን ስም ይዤ «ዳኒልቹክ ውኃ» የሚለውን መረጥኩ። አባባን ሳላማክር አላስመዘግብም ብዬ አቆየሁት፤ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

የኦረስት አርባ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በማር የተለወሰው የስንዴ ንፍሮ እንደቀረበ አባባ ብድግ አሉ። «ድረ ገጽ ልናወጣ ነው። ስሙም ያው የመኪናችን በር ላይ ያለው ነው፤ ዳኒልቹክና ወንዶች ልጆቹ» አሉ። ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ዳሪያ ተነስታ ወጣች። ጎረቤታችን ፔትሮ ቀስ ብሎ አባባን፣ «ዋሲል፣ የትኞቹ ልጆች?» አላቸው። «ታራስ ለገና ይገባል» አሉት።

ኮንትራትህን ማደስህን፣ እዚያው አውስትራሊያ ቤት መግዛትህን ከቀብሩ ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ራሴ እነግራቸዋለሁ ስላልከኝ ጠበቅኩህ። አልነገርካቸውም።

ከአርባው በኋላ ሰኞ አንድ ገበሬ የመኪናውን በር አይቶ ደወለ። ድምፄን ሲሰማ፣ «እመቤት፣ ከወንዶቹ ልጆች አንዱን አገናኚኝ» አለኝ። «አንዱ መቃብር ነው፣ አንዱ አውስትራሊያ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆፈርኩት እኔ አለሁልህ» አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው፤ ሥራውን ለከተማው ድርጅት ሰጠ። ደሜ ፈላ። ምሳ ላይ ያንተን ነገር አንድ ሳላስቀር ለአባባ ነገርኳቸው።

አልጮሁም። ሾርባቸውን ገፋ አድርገው፣ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ በአርባው ሰው ፊት ስዋረድ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ?» አሉ። ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ለሥራው ያሻሽን ስም አውጪ። የኔንም ግን ደርበሽ ግዢልኝ» አሉ። ማንም የማይከፍተው ነው፣ ምን ያደርግልዎታል ብላቸው፣ «ባዶውን ይቀመጥ። ሌላ ሰው እንዳይወስደው» አሉኝ። ስንት ዓመት ድረስ ሊያዝ እንደሚችል ጠየቁ። አሥር አልኳቸው። አሥር አድርጊው አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ታራስ።

«ዳኒልቹክ ውኃ» በሁለት ሳምንት ሁለት ሥራ አምጥቶልናል። አባባ አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አላዩትም። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሆነው ስልካቸው ላይ በአንድ ጣት የሚጽፉት ያኛውን ስም ነው። ገጹ ምንም እንደሌለበት ይነግራቸዋል። እሳቸው ግን በማግስቱም ይከፍቱታል። እንደማትመጣ ከኔ አፍ ሰምተው አላመኑም። እንድትመጣ አልለምንህም፤ ደውልና አልመጣም በላቸው።

ዳሪያ ሰላም ብላሃለች። ልጇ ዞያ አንድ ጥርስ ወልቆላታል፤ ለአጎቴ ንገሪልኝ ብላኛለች። ፔትሮ ከነሚስቱ እንደምን ነህ ይሉሃል። አባባን «ለታራስ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ልበልልዎት?» አልኳቸው። ፖስታውን ላሽገው ስል፣ «ስሙ አሥር ዓመት ተይዞልሃል በዪው» አሉኝ።

እህትህ ላሪሳ

ስቴፖቫ መንደር፣ ሳስካችዋን
ኖቬምበር 2 ቀን 2023