አልጋሽ ሥር የነበረው ጀሪካን

ለልጄ ለእየሩስ፣

እመቤቴ ማርያም ካለሽበት ባሕር ማዶ ከነልጅሽ ከፅናት በጥላዋ ትጋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ። የገዳሪፍ ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ የደጃችንን የሣር ዳስ፣ ራኩባውን፣ ጥሎት ጎረቤታችን እስማኤል አቆመልኝ።

ከመጠጥ ሊያላቅቁኝ ከነልጄ አንድ ቤት አስገቡኝ ስትዪኝ እሪ አልኩ። አረቄ በተከለከለበት በዚህ አገር እኔ የማውቀው፣ እናት በአረቄ ምክንያት ከነልጇ የምትገባው እስር ቤት ነው፤ አንቺን አዝዬ ገብቼበታለሁ። ሕክምና መሆኑን ያስረዳኝ እስማኤል ነው።

አረቄ ማውጣት ትቻለሁ፤ አልጋሽ ግን ዛሬም አረቄ አረቄ ይሸተኛል። ፖሊሶቹ ለፍተሻ ሲመጡ ጀሪካኑን አልጋሽ ሥር ሸሽጌ "ልጄ ታማብኛለች" እል ነበር። ጭልጥ ብለሽ እንድትተኚ ከዚያው ከአረቄው አንድ ማንኪያ አጠጣሽ ነበር። አንድ ቀን እነሱ ከሄዱ በኋላ ብጠራሽ ብጠራሽ አልነቃ አልሽኝ። እኔ ግን አስቀድሜ ያየሁት ጀሪካኑን ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ ስል ወሬ እየቀየርኩ እዘጋዋለሁ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ፅናትን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሐኪሞቹ መቼ ጀመርሽ ሲሉሽ እዚህ ሰው አገር መጥቼ ነው አትበያቸው። በአምስት ዓመቴ፣ ከእናቴ እጅ በያቸው።

እናትሽ በላይነሽ