ማር ብዬ ብደውል

ብዕሩን የያዘው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። እንዳያሳምረው አስጠንቅቄዋለሁ።

ልጄ ማሬ፣ እንደምን አለሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የምታሳድጊያቸው የሰው ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ አፌ አልደከመም።

እናትሽ ከተኛች ሰነበተች። ውሃ የምቀዳው እኔ፣ የማገላብጣትም እኔ። ልታያት የመጣችውን ነርስ ልሸኛት ብወጣ፣ ልጅ ካላችሁ ቶሎ ድምጿን ታሰማት፣ ጊዜው አጭር ነው አለችኝ። ይህን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማጽፈው፤ እሷ ከውስጥ ናት። ጠዋት ማታ፣ ማሬ አልደወለችም ወይ ትለኛለች።

የእጅ ስልክሽ አይጠራም። ለክፉ ቀን ብለሽ በሰጠሽኝ በአሠሪዎችሽ ቤት ቁጥር ብደውል አንዲት ሴት አነሳች። ቋንቋዋን ከየት ላምጣ? «ማሬ» ለእኛ ነው፣ ለባዕድ «ማር» ይበቃል ብዬ፣ ማር፣ ማር አልኳት። ጮኻ ዘጋችብኝ። ብደግም ባልየው አንስቶ የስድብ መዓት አወረደብኝ፤ ስድብ መቼም አስተርጓሚ አይፈልግም።

እዚያ አገር መኪና ለሚነዳው ለአክስትሽ ልጅ በስልክ ባጫውተው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ በነሱ ቋንቋ ማር እኮ እባብ ነው። የሰው ቤት ደውለው እባብ፣ እባብ ሲሉ ነው የዋሉት» አለኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ማር ነድፎ አያውቅም፤ የሚነድፈው ንቡ ነው። የአክስትሽ ልጅ ደግሞ፣ እባብ ብለው እየጠሩ ልጅ አያሳቅፏትም፣ ሌላ ስም ሳያወጡላት አይቀሩም አለኝ። ይኼኛው ከነከነኝ። ማሬ ያለችሽ እናትሽ ናት፤ እነሱ ማን ናቸው?

ድሮ ቢሆን፣ ልጄን በሰው ስም ከምጠራ አፌ ይዘጋ እል ነበር። አሁን ደከመኝ። የሚጠሩሽን ስም ለሹፌሩ ለአክስትሽ ልጅ ንገሪው፤ ይህን የሚያደርስልሽ እሱ ነው። ምንም ዓይነት ስም ይሁን፣ በሱው አስጠራሻለሁ። ወይም አንቺው አስፈቅደሽ ደውዪ፤ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ የምይዝላት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ከነሚስቱ ሰላም ብሎሻል። አክስትሽ ጉንጭሽን ስማለች። ልብስ ሰፊውም እጁ እንደዛለ ሰላም ይልሻል። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና ትስምሻለች።

ከቤታችን በረንዳ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን

በል አንተ፣ አሁን አንብብልኝ። እሷም እንድትሰማ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ነርሷ ያለችውን ብቻ ዝለለው።